ለጅቡ ጠብመንጃ፣ ለብርዱ ጋቢ

ወደ ባሌ ተራሮች የካምፒንግ ጉዞ ሲዘጋጅ የሚከፈት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገብታችሁ ታውቁ ይሆናል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፤ «ጅብ አለ እንዴ?» ከዚያ ሳቁ ይከተላል፣ ስቲከሩ ይዘንባል፣ አንዱ ጅብ እየመሰለ ጮሆ ቮይስ ይልካል። አዘጋጁ መልሱ ዝግጁ ነው፤ «ምንም አትስጉ፣ ስካውት ከነጠብመንጃው አብሮን ያድራል።» ሁሉም ይረጋጋል። ብር ይገባል። «ሌሊቱን ስንት ዲግሪ ይወርዳል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የሚያዙ ዕቃዎች ዝርዝር ላይ ስለ ብርድ የሚጻፈው አንድ መስመር ነው፤ «ጋቢ ወይም ወፈር ያለ ልብስ»።

የምለው ነገር አጭር ነው። የምንፈራው ሌላ፣ የሚጎዳን ሌላ። ይሄ ቦታውን የሳተ ፍርሃት ደግሞ በነፃ አይገኝም፤ ሒሳቡን የሚከፍሉ ሰዎች አሉ፣ የሚከፍሉ እንስሳትም አሉ።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። እኛ ቤት ሲስተም ሲወድቅ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ድራማ ያለው ነገር ነው፤ «ሀከር ገብቶ ይሆን?» ይባላል። ሎጉ ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ግን ዲስኩ ሞልቶ ነው። ዲስክ ሲሞላ ድምፅ አያሰማም። ቀናት ይወስዳል፣ ማስጠንቀቂያውን ሁሉም እያየ ያልፈዋል፣ አንድ ሌሊት ሁሉም ነገር ይቆማል። ተራራ ላይ ጅቡ ሀከሩ ነው፣ ብርዱ ደግሞ የሞላው ዲስክ።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያው ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። አየር ከፍታ በጨመረ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሳነቴ ስትወጡ ወደ 11 ዲግሪ፣ ቱሉ ዲምቱ ስትደርሱ 13 ዲግሪ ትቀንሳላችሁ። ታኅሣሥ ላይ አዲስ አበባ ንጋት ላይ 7 ወይም 8 ዲግሪ ስትሆን «ኧረ ዘንድሮስ ብርዱ!» እያልን በየቡና ቤቱ እናማርራለን። ከዚያ ላይ 11 ቀንሱ። ገና ንፋሱን ሳንቆጥር ከዜሮ በታች ገብተናል።

ደግሞ ይሄ አማካይ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል። ደመና የመሬት ብርድ ልብስ ነው፤ ደመና ከሌለ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊቱን በሙሉ ወደ ሰማይ ይለቀዋል። ከፍታው ላይ አየሩ ስስና ደረቅ ስለሆነ ሙቀት ይዞ የሚያስቀር ነገር የለም። ውርጭ የሚጥለው ለዚህ ነው። የሚያታልለውም ይሄው ነው፤ ቀን በቲሸርት ትሄዳላችሁ፣ ፀሐይ ፊታችሁን ትልጣለች፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ አገሩ ሌላ አገር ይሆናል። ኢንስታግራም ላይ ያለው ሳነቴ በሙሉ የቀን ሳነቴ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ስልክ አውጥቶ ፎቶ የሚያነሳ ማን አለ? ጣቱ አይታዘዘውም።

አሁን ወደ ጋቢው እንምጣ። ጋቢ የእናቶቻችን ፈትል ነው፤ ቤት ውስጥ፣ ሳሎን ላይ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ወደር የለውም። ግን ጥጥ ነው። ልብስ በራሱ ሙቀት አያመነጭም። የሚያሞቀን በክሮቹ መካከል ታስሮ የሚቀመጠው አየር ነው። ጥጥ ላብና ጤዛ ሲጠጣ ያ አየር በውሃ ይተካል፤ ውሃ ደግሞ ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ የበለጠ ሙቀት ያስተላልፋል። ጥጥ ሁዲና ጂንስ ለብሶ ስድስት ሰዓት በእግሩ የተጓዘ ልጅ ካምፕ ሲደርስ ያው ላቡን ለብሶ ነው የሚቀመጠው። እሱ ላይ ጋቢ ቢደርብ እርጥብ ነገር ሸፈነ እንጂ አልሞቀም።

ይሄንን ፈረንጅ አይደለም ያስተማረን። የመንዝ ሰው ለውርጩ በጎቹን ሸልቶ ባና ይሠራል። በርኖስ የተሠራው ከሱፍ ነው። ደጋ የኖረ ሰው ጥጥና ሱፍ ለየትኛው ቀን እንደሆነ ያውቃል፤ ሱፍ እርጥበት ቢያገኘው እንኳ ጨርሶ አይከዳም። ያን እውቀት ጥለን «ጋቢ ያዙ» የምትል አንዲት መስመር የያዝነው እኛ ከተሜዎቹ ነን።

«ሀይኪንግ የሀብታም ነገር ነው» የሚል ካለ፣ ሳልቫጅ ተራ ይሂድ። የሱፍ ሹራብ ስታዩ ብራንዱን ሳይሆን ከአንገቱ ሥር የተሰፋችውን ቁራጭ አንብቡ፤ ስንት በመቶ ሱፍ እንደሆነ ተጽፏል። ከውስጥ ላብ የማይጠጣ ፖሊስተር፣ ከመሀል ሱፍ ወይም ፍሊስ፣ ከላይ ንፋስና ዝናብ የሚመልስ ጃኬት። ለመኝታ ብቻ የምትለብሱት አንድ ደረቅ ቅያሪና ካልሲ ደግሞ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ፤ ምንም ቢመጣ ቀን አትንኩት። ዳገት ላይ ላብ ከመጀመሩ በፊት አንድ ልብስ አውልቁ፣ ስትቆሙ ከመብረዳችሁ በፊት መልሳችሁ ልበሱ። ይሄን የሚያህል ቀላል ነገር ኦሬንቴሽን ላይ ለመናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የጅብ ቀልዱ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል።

ስሊፒንግ ባግ ላይ ደግሞ ማጭበርበር የሚመስል ነገር አለ። ደህና ባግ ላይ ሦስት ቁጥሮች ይጻፋሉ፤ አንዱ ተመችቷችሁ የምትተኙበት ሙቀት፣ ሁለተኛው ተጠቅልላችሁ የምትችሉበት ገደብ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሕይወት ብቻ የሚያተርፍ ጥግ። ሻጩም አከራዩም ጮክ ብሎ የሚነግራችሁ ብዙ ጊዜ ሦስተኛውን ነው። «ከዜሮ በታች 10 ይችላል» ሲላችሁ «በየትኛው ቁጥር?» በሉት። የመጀመሪያውን ካላወቀ ባጉን ለላንጋኖ ያቆየው።

በጣም ውድ ባግ እንኳ ከሥሩ ምንም ከሌለ ዋጋ የለውም። ስትተኙበት ከጀርባችሁ ሥር ያለው ክፍል ይጨፈለቃል፤ ከተጨፈለቀ አየር የለውም፣ አየር ከሌለው አያሞቅም። መሬቱ ሌሊቱን በሙሉ ሙቀታችሁን ይጠጣል። ስለዚህ ወፈር ያለ ማት የግድ ነው፤ ከሌለ ሁለት ስስ ማት ደርቡ። ከመተኛታችሁ በፊት ብሉ፤ ሰውነት እሳቱን የሚያነድደው በምግብ ነው። የባሌና የአርሲ ሰው ጭኮ የሚሠራው ለጌጥ አይደለም፤ ገብስና ቅቤ አንድ ላይ ማለት ለረጅም ሌሊት የሚበቃ ማገዶ ነው። የፈላ ውሃ በብረት ኮዳ ሞልታችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ ባጉ ውስጥ አስገቡ። ሃይላንድ እንዳይሆን፣ ይጣመማል።

የማታደርጉትም አለ። አረቄ አታሞቁበት። አረቄ ቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ይከፍትና ፊታችሁ ይግላል፤ ያ ሙቀት ከውስጥ የወጣ፣ እየሸሸ ያለ ሙቀት ነው። ስሜቱ ሞቆ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። ከሰል ደግሞ ፍም ብቻ ቢሆንም ድንኳን ውስጥ አይገባም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ እንቅልፍ እንደያዛችሁ ይወስዳችኋል። በከተማችን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድደው ስላደሩ ሰዎች ያልሰማ ማን አለ? ድንኳን ከክፍል ያነሰ ክፍል ነው።

«እሳት እናነዳለን» የሚለውም መልስ አይደለም። ምሽት 2 ሰዓት ላይ የተነሳው ነበልባል ለቪዲዮ ያምራል፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አመድ ነው፣ እናንተ ደግሞ ድንኳን ውስጥ ናችሁ። እንጨቱስ ከየት መጣ? ያ ከፍታ ላይ ያለው አስታ ነው፤ አንዴ ከተቆረጠ ቶሎ አይተካም። በ2011 ዓ.ም. ሰሜን ተራሮች ላይ እሳት ሲነሳ ለማጥፋት ሄሊኮፕተር ከጎረቤት አገር ነው የመጣው። የባሌ ተራሮች በ2016 ዓ.ም. መስከረም ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቧቸዋል። ለአንድ ምሽት ሙድ የሚነድ ቦታ አይደለም።

አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። ጥር ነበር፣ ሳነቴ አካባቢ፣ 14 ሰው ሆነን። አዘጋጁን ስም አልጠራም፤ ለነገሩ ሌሎቹም ከእሱ አይለዩም። ትንሽ ቴርሞሜትር ይዤ ስለነበር በየሰዓቱ እየጻፍኩ ነበር። ምሽት 3 ሰዓት ላይ 1 ዲግሪ፣ 6 ሰዓት ላይ ከዜሮ በታች 3፣ 10 ሰዓት ላይ ከዜሮ በታች 6።

ወደ 4 ሰዓት ገደማ ከሩቅ ጅብ ጮኸ። ካምፑ በሙሉ ተንጫጫ፣ ባትሪ በየአቅጣጫው በራ፣ ስካውቱ ተነስቶ ዞር ዞር አለ፤ ምንም አልነበረም። ከዚያ አንዲት ልጅ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ሁሉም ከበባት። «ፈርታ ነው»፣ «አይዞሽ፣ ጅቡ ሄዷል»፣ «ጠብመንጃ አለ እኮ»። አንዱ አረቄ አቀረበላት። ልጅቷ ልትመልስ ስትሞክር ምላሷ ይተሳሰራል፤ የጃኬቷን ዚፕ ለመዝጋት ሦስት ጊዜ ሞክራ አቃታት። ዝም ብለው ያጽናኗታል።

ነገሩን የለዩት ፈረስ ነጂው አዛውንት ናቸው። እኛ «አባባ» ነበር የምንላቸው። ጠጋ ብለው እጇን ያዙና «ፍርሃት አይደለም፣ ብርድ ነው። ልጄ፣ ይሄ ልብስሽ እኮ እርጥብ ነው» አሉ። ሴቶቹ ድንኳን አስገብተው ደረቅ አለበሷት። አባባ ከኮርቻ ሥር የሚነጠፈውን ደረቅ ምንጣፍ አምጥተው «ከሥሯ ይሁን፣ ከላይ አይደለም» ብለው ሰጡን። ሻይ በብዙ ስኳር አጠጣናት፣ ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ተኛ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቃሏ ተስተካከለ።

ሐኪሞች ሃይፖሰርሚያ የሚሉት የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ነው። ከ37 ሁለት ዲግሪ ብቻ። ምልክቱን በቃላችሁ ያዙት፤ መንቀጥቀጥ፣ የቃል መተሳሰር፣ የጣት አለመታዘዝ፣ መደናቀፍ፣ «ተዉኝ ልተኛ» ማለት። ሰውዬው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡ ከቆመ ተሻለው ማለት አይደለም፤ ባሰበት ማለት ነው፣ ያኔ ቶሎ ወደ ሕክምና መድረስ አለበት። ከንፋስ አርቁት፣ እርጥቡን አውልቁ፣ ከመሬት ለዩት። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ብቻ ትኩስና ጣፋጭ ነገር ስጡት። እጅና እግሩን አትሹ። ይሄን 14 ሰው ውስጥ አንድም የከተማ ልጅ አልነገረንም። ነገሩን ያበላሸው ደግሞ ጅቡ ነው፤ ጅቡ ስለጮኸ መንቀጥቀጧ ፍርሃት ተባለ።

አባባ ያን ሌሊት የት አደሩ? ውጭ፣ ከፈረሶቹ አጠገብ፣ በጋቢና በአንድ ላስቲክ ሸራ። ምንጣፋቸው እኛ ዘንድ ነበር። ጠዋት ጋቢያቸው ላይ ውርጭ ተጋግሮ ነበር። ለአዘጋጁ «ለምን ድንኳን አልተያዘላቸውም?» ብለው «ኧረ ባክህ፣ እነሱ እኮ ለምደውታል» አለኝ።

እኔን የሚያናድደኝ ይቺ ቃል ናት። ለምደውታል። ባሌም፣ ሰሜን ተራሮችም፣ የትም ብትሄዱ በቅሎ ነጂ፣ ፈረስ ነጂና ስካውት ውጭ ሲያድር የምትባለው ይቺው ናት። ሰው ብርድ ሲለምድ የሚለምደው መቻልን ነው። ከዜሮ በታች 6 ለአባባም ከዜሮ በታች 6 ነው፤ መሬቱ የእሳቸውንም ሙቀት ይጠጣል። እንዲያውም ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ሙቀቱን የመጠበቅ አቅሙ ይቀንሳል። እኛ የ25 ዓመት ልጆች በስሊፒንግ ባግ ውስጥ፣ ሽማግሌው በጋቢ። ከዚያ ጠዋት አብረናቸው ሰልፊ ተነስተን «ደጉ ሕዝባችን» ብለን እንለጥፋለን። ለአንድ ድንኳን፣ ለአንድ ማትና ለአንድ ባግ ኪራይ ገንዘብ አልነበረም ተባለ። ለስፒከርና ለፎቶ አንሺ ግን ነበር።

እንስሳቱን ናቁ እያልኩ አይደለም። ጅብ ሰው ይነክሳል፤ በተለይ ውጭ ሜዳ ላይ የተኛ ሰው ለአደጋ የተጋለጠ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ውጭ የሚተኛው ማን ነው? ጅቡን ከልባችን ብንፈራው ኖሮ መጀመሪያ ድንኳን የምንሰጠው ለፈረስ ነጂው ነበር። ለሌላው የሚያስፈልገው ጥይት ሳይሆን ሥርዓት ነው፤ ድንኳን ዚፑ ተዘግቶ መተኛት፣ ሥጋና ቅቤ መኝታ ድንኳን ውስጥ አለማሳደር፣ ምግቡን በሙሉ ክዳን ባለው ዕቃ ዘግቶ ከመኝታ ማራቅ፣ ቆዳ ጫማና ቀበቶ ደጅ አለመተው፣ ሌሊት ሽንት ቤት ሁለት ሆኖ በባትሪ መሄድ። ቢያጋጥማችሁ አትሩጡ፤ ተሰብሰቡ፣ ባትሪ አብሩበት፣ ጩኹ፣ ፊታችሁን ሳታዞሩ ወደ ኋላ ሂዱ። ጅብን ፈርቶ ከምሽት ጀምሮ ውሃ የማይጠጣ ሰው አይቻለሁ። ያ ከፍታ ላይ ውሃ የከለከለ ሰው ጠዋት በራስ ምታት ነው የሚነሳው።

በእኔ ግምት ባሌ ላይ መንገደኛ ይበልጥ ሊጠነቀቀው የሚገባው ጥርስ የጅብ አይደለም፤ የእረኛ ውሻ ነው። ውሻው ሥራውን ነው የሚሠራው፤ ከብት ይጠብቃል። መንጋ መሀል አትግቡ፣ እረኛውን ከሩቅ ጥሩት፣ ውሻው ሲመጣ አትሩጡ፣ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ለክትባት ውረዱ። «ነገ አዲስ አበባ ስንደርስ» አይባልም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

ይሄው በሽታ ቀይ ቀበሮንም ይጨርሳል። በዓለም ላይ የቀሩት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። በ1996 ዓ.ም. ወብ ሸለቆ ላይ የገባው ወረርሽኝ እዚያ የነበሩትን ብዙዎቹን ገድሏል። በሽታውን የሚያመጣው ውሻ ነው፤ ውሻውን ወደ ቀበሮው ግዛት ከሚስቡት ነገሮች አንዱ ደግሞ ተረፈ ምግብ ነው። እንግዲህ ካምፑ ላይ የጣላችሁት ቁርጥራጭ ሥጋና እንጀራ ጅብም ይጠራል፣ ውሻም ይጠራል። ከዚያ «ጅብ ያስቸግራል፣ ጠብመንጃ ይጨመር» እንላለን። ራሳችን ጋብዘነው።

አዘጋጆች «ይሄ ሁሉ ዋጋ ይጨምራል፣ ሰው አይመጣም» ይላሉ። ይጨምር! የሠራተኛ ድንኳን ያልገባበት ዋጋ ርካሽ አይደለም፤ ግማሹን አባባ የከፈሉት ዋጋ ነው። ማት መያዝ የማይችል ሰው ካለ ደግሞ ሳነቴ ማደር ግዴታ አይደለም። ቀን ወጥቶ ጎባ ወርዶ ማደር ይቻላል፣ ቀበሮውም በቀን ነው የሚታየው።

እኛ ደንበኞቹ ደግሞ አቅም አለን፤ ብሩ እኛ ዘንድ ነው። መጪው ኅዳር ሲመጣ ግሩፑ መከፈቱ አይቀርም። የጅቡን ጥያቄ ተዉትና ብር ከመላካችሁ በፊት እነዚህን ሦስቱን ጻፉ። የምናድረው ስንት ሜትር ላይ ነው፣ ባለፈው ዓመት በዚህ ወር ሌሊቱ ስንት ዲግሪ ወረደ? የምታከራዩት ባግ የምቾት ቁጥሩ ስንት ነው፣ ማቱስ? ፈረስ ነጂውና ስካውቱ የሚያድሩት ምን ውስጥ ነው?

ሦስተኛው ላይ «ለምደውታል» የሚል መልስ ከመጣ ከግሩፑ ውጡ። ስትወጡም ለምን እንደወጣችሁ ጻፉ፣ ሌላው እንዲያነበው።